አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት እኒህን አባት አማክሩ

የባትሪ ችግራችንን ለፈቱልን አንድ አባት በአፍ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ማለፍ ስላልበቃኝ ነው ይህን የምጽፈው። ላስ ቬጋስና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ፒክአፕ ላይ የሚጫን ካምፐር (የጉዞ ማደሪያ ክፍል) ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ ዘንድሮ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። የስኳር ሕመም አለባት። ያልተከፈተው ኢንሱሊኗ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የቬጋስን በጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ 40 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፣ የቆመ መኪና ውስጥማ አይነገርም። ባለቤቴ ደግሞ ግራንድ ካንየንን ሳላሳያት አልሸኛትም ብሎ ቃል ገብቶላታል። ከእኛ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ልናርፍበት ያሰብነው የፓርኩ የካምፕ ስፍራ የኤሌክትሪክ መስመር የለውም፤ ጄኔሬተርም የሚፈቀደው በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ የእናቴን መድኃኒት የሚጠብቀው ባትሪው ነው ማለት ነው።

የእኛ ካምፐር ባትሪ ግን እንኳን ሊያሳድር፣ ማይክሮዌቭ ሲከፈት ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው) ይጮህና ሁሉም ነገር ድርግም ይላል። የወሰድንበት የመጀመሪያው ቦታ «ባትሪያችሁ ሞቷል» ብሎ ውድ የሊቲየም ባትሪ ሸጠልን። ያው ሆነ። ሁለተኛው ኢንቨርተሩ አንሷል አለና እሱንም አስቀየረን። አሁንም ያው። ሌላው ደግሞ ያለን ጄኔሬተር አይረባም፣ ትልቅ ካልገዛችሁ አለን። አንዳቸውም ጎንበስ ብለው ገመዱን አላዩም። ባለቤቴ እየጠየቀ ሳለ አንዱ ሠራተኛ ስልኩን ይነካካ ነበር። ገንዘቡ ይሁን፤ እኔን ያንገበገበኝ የእናቴ የቪዛ ጊዜ እንዲሁ ማለቁ ነው። ስንት ዓመት ጠብቄ ያመጣኋት እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ «ተዉት ልጆቼ፣ አልሄድም፣ ለእኔ ብላችሁ አትጨነቁ» ስትል መስማት ምን ያህል እንደሚያም እናት ያለው ያውቀዋል።

ስለ እኒህ አባት የነገረችን አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ናት። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቴሌኮሙኒኬሽን ነው፤ መብራት ኃይል ያልደረሰባቸውን የተራራ ላይ ጣቢያዎች ባትሪና ጄኔሬተር ሲጠብቁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቤታችን መጡ።

መሣሪያ አላወጡም። ባለቤቴን «ማይክሮዌቩን ክፈተው» አሉና ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ ያለውን ገመድ በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። መሃል ላይ ሲደርሱ እጃቸውን መለስ አደረጉ። «ነይ ልጄ፣ ንኪው» አሉኝ። ነካሁት፤ እንደ ጀበና ጆሮ ይፋጃል። «ባትሪውም ኢንቨርተሩም ደኅና ናቸው፤ የድሮዎቹም ደኅና ነበሩ» አሉን። እኔ የገባኝን ልንገራችሁ፦ 1500 ዋት የሚበላ ዕቃ በ12 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ከ120 አምፔር በላይ ይስባል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ኢንቨርተሩ ባትሪው ያለቀ እየመሰለው ራሱን ያጠፋል። የቀረውን ለባለቤቴ ነው ያስረዱት። ገመዱን በወፍራምና በአጭር ተኩት፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገቡ፣ ከመኪናው ዲናሞ ለሚመጣውም መስመር ለሊቲየም የሚሆን መቆጣጠሪያ አደረጉለት። የእናቴን ትንሽ ፍሪጅ ደግሞ ከኢንቨርተሩ ነቅለው በቀጥታ ከ12 ቮልቱ አገናኙት። ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ እንኳ ራሱ ባትሪ ይበላል፤ ፍሪጁ ያለ እሱ መሥራት ሲችል ለምን በእሱ በኩል ይዙር? ይህንን አንድም ሻጭ አልነገረንም። ስለ ትልቁ ጄኔሬተር ስንጠይቃቸውም ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ጄኔሬተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣ፣ ካንየኑም 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አንድ አምስተኛው እንደሚቀንስ፣ ያም ሆኖ ያለን ባትሪ ለመሙላት እንደሚበቃን ነገሩን። ሊሸጡልን ይችሉ ነበር እኮ። «ገንዘባችሁን ያዙ» ነው ያሉት።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሥራው አልቆ ቡና ልናቀርብ ስንል «ጄኔሬተሩን የምታቆሙት የት ነው? ጭሱ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። ወደ ውስጥ ገብተው ግድግዳው ላይ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ አወረዱና ጀርባውን አነበቡ። ጊዜው አልፎበታል። ሦስቱም ቦታ ካምፐሩን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይህንን ያየ የለም! ምንም ሳይናገሩ ወደ መኪናቸው ሄደው አዲስ ይዘው መጡ፤ እናቴ በምትተኛበት በኩልም ሰቀሉት። «እትዬ፣ ይሄ መሣሪያ የሚጠብቃችሁ ያው ከከሰሉ መርዝ ነው። ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ነው የሚወስደው። ይሄ ከጮኸ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ» አሏት። እናቴ ፊቷ ተለወጠ። እኛ ሰፈር ለብርድ ብለው ከሰል አስገብተው ቤት ዘግተው የተኙ ባልና ሚስት ሳይነቁ ቀርተዋል፤ ለቅሶውን እኔም ልጅ ሆኜ አስታውሰዋለሁ። ተነሥታ ትከሻቸውን ስማ መረቀቻቸው። የመሣሪያውን ዋጋ እንዲቀበሉን ብንለምን፣ ብንለምን፣ እምቢ አሉ። የገመዱንና የእጃቸውን ብቻ ተቀበሉ፤ እሱም ሌላ ቦታ ለምርመራ ብቻ ከከፈልነው ያነሰ ነበር።

ሄድን። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጁ ሠርቶ ሲነጋ 4 ዲግሪ ያሳይ ነበር። እናቴ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ «ዓባይ በረሃ እዚህም አለ እንዴ?» አለች፤ ከዚያ ብዙ ዝም ብላ አየችው።

ወገኖቼ፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተር፣ ሶላር፣ ጄኔሬተር ምንም ይሁን፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለእኒህ አባት ደውሉ። እውነተኛ ባለሙያ ናቸው፤ ከባለሙያነታቸው ደግሞ ሰውነታቸው ይበልጣል። ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እኔ እሰጣችኋለሁ። ለእሳቸው መልእክት ከመጻፍ መደወል ይሻላል፤ እሑድ ከሆነ ግን ቅዳሴ እስኪያልቅ ስልክ አያነሡም።