ስምንት ወር ከኮሮላዬ ጋር፦ ካምቢዮ አስወርጄ ጥፋቱ ጎሚኒ ሆኖ ተገኘ

የ1998 ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ማኑዋል፣ ባለ አምስት ማርሽ። ሞተሯ ደህና ነው፣ ነዳጅም አትጨርስም፣ ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ይህን የሚያስጽፈኝ ፍሪሲዮኑ ነው፣ ማርሽ ስትቀይር ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያላቅቀው። ሁለት ወር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

በአምስተኛው ወር ነው የጀመረው። ጠዋት የኋላ ማርሽ ሳስገባ ክርርር ይላል። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ አንደኛ ማርሽ እምቢ ማለት ጀመረ። መገናኛ መብራት ላይ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጬ ቆሜ፣ መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ፊት ትሳባለች። ከፊቴ የቆመው ሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ኧረ ወንድም ፍሬን ያዝ!» ይለኛል።

ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ መጣና «ዲስኩ አልቋል፣ ካምቢዮ ይወርዳል» አለ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። እኔም ሞኝ፣ አመንኩት። ሶማሌ ተራ ሄጄ ዲስኩንም፣ ዲስኩን የሚጫነውን ስፒንጂ ዲስኮውንም፣ ፔዳል ስትረግጥ እሱን የሚገፋውን ኩሽኔታውንም ገዝቼ አመጣሁ። ከእጅ ዋጋው ጋር የወር ደመወዜ ሄዶ ተርፎት ነበር። ሦስት ቀን በታክሲ ተንከራተትኩ። መኪናዋ ስትወጣ አንድ ሳምንት ሰላም ሆነች፣ ከዚያ እንደገና ክርርር። ስደውል «አዲስ ዲስክ ነው፣ እስኪለምድ ነው» ይለኛል። ዲስክ ምኑን ነው የሚለምደው?

ጎረቤታችን አንድ አባት አሉ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የጨረሱ። አንድ ቅዳሜ በር ላይ ስታገል አይተው መጡ።

«ሞተሩን አጥፋና ማርሹን አስገባ» አሉኝ። ሁሉም እንደ ቅቤ ገባ።

«አሁን ሞተሩን አስነሣና አስገባ።» ማርሹ እምቢ አለ።

«ፍሪሲዮኑን ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ርገጥና ሞክር።» ገባ!

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዲስክ ያለቀበት መኪና ማርሽ አይከለክልም። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም። ያንተ ችግሩ አለመላቀቅ ነው። ዘይቱ እየገፋልህ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ የላይኛው ፓምፕ የፍሬን ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ካምቢዮው ላይ ያለውን ትንሹን ፓምፕ ይገፋል፣ እሱ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። መሃል ላይ ካፈሰሰ ወይም አየር ከገባ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ግን በግማሽ ይቀራል። ደጋግመህ ስትረግጥ ግፊቱ ለጊዜው ይመለሳል። ያ ሰላም የሰጠኝ ሳምንትም የዲስኩ አልነበረም፤ ካምቢዮውን ሲመልሱ አየሩን ስላስወጡት ነው።

ከሥር በጀርባዬ ገባሁ። የትንሹን ፓምፕ አቧራ መከላከያ ላስቲክ በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ ሳደርገው ጥቁር ዘይት ክንዴን ይዞ እስከ ክርኔ ወረደ። ውስጥ ያለችው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የምታግደው ላስቲክ፣ ከጣቴ ጫፍ የማትበልጥ፣ ከንፈሯ ተበልቷል። ዋጋዋ አንድ ምሳ አያበላም! በአዲስ ቀየርኳት። አባባ ፔዳሉን እየረገጡ «ያዝኩ!» ሲሉ እኔ ከሥር እየፈታሁ፣ ሲዘጋ እሳቸው እየለቀቁ፣ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ አየሩን አስወጣን። ሰዓት አልፈጀም።

አሁን «አውቶማቲክ ግዛ አላልኩህም?» የምትለኝ ደላላ ትኖራለህ። ብለኸኛል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ በምሳ ዋጋ ሲድን ግን አሳየኝ። ይቺ መኪና ሃያ ምናምን ዓመት ሠርታ አንዲት ላስቲክ ደከመችባት። ጥፋቱ ሳይጠይቅ ገንዘብ የቆጠረው የእኔ ነው። እርግጥ የሽሮ ሜዳን ዳገት ፍሬን ከመያዝ ይልቅ በባላንስ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቅቄ፣ ቆሜ ስለምጠብቅ፣ ዲስኩን የምበላውም እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ነቅቷል። ስትረግጥ ጮሆ ስትለቅ የሚጠፋ ድምፅ ኩሽኔታውን ያስጠረጥራል፤ ስትለቅ ጮሆ ስትረግጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን ካምቢዮው ውስጥ ነው። አንድ ማርሽ ብቻ ከተንጫጫም ፍሪሲዮኑን ተወው። የእኔ ሦስተኛ ቸኩዬ ስቀንስ ትንጫጫለች፤ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክለው ሲንክሮናይዘር ነው፣ አውቃለሁ። ለእሱ ብዬ ካምቢዮ አላስወርድም፣ በቀስታ አስገባታለሁ።

እሸጣታለሁ ወይ? አልሸጣትም።

ያን የወጣውን ዲስክ አልጣልኩትም ነበር። ሳየው ገና ወፍራም ነው፣ ሽፋኑን የያዙት ምስማሮች፣ ሪቬቶቹ፣ ገና ወደ ውስጥ ጠልቀው ነው ያሉት። ባለፈው ሳምንት ለመካኒኩ ይዤለት ሄድኩ። አገላብጦ አየውና «ይሄ እኮ ገና ይሠራል፣ ከየት አገኘኸው?» አለኝ።