ከወሊድ ፈቃድ ወደ ስራ ለምትመለሱ እናቶች፣ እኚህን ሲስተር ልጠቁማችሁ

ሰላም እናቶች፣ በተለይ ፈቃዳችሁ ሊያልቅ ቀን እየቆጠራችሁ ሆዳችሁ ለሚባባ። አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ፣ ሌላም እናት እንድታገኛቸው እፈልጋለሁ። ሲስተር ነው የምላቸው፣ ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፣ እድሜያቸውን ጤና ጣቢያ ሲያዋልዱ ኖረው አሁን ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያጠቡ እናቶችን ይረዳሉ። ልጄ በዚህ ሳምንት ስድስት ወሯን ደፈነች፣ እኔ ስራ ከገባሁ ቆይቻለሁ፣ እስካሁን ከክትባት ጠብታ በስተቀር ከጡት ወተት ሌላ በአፏ የገባ ነገር የለም። ያለ ሲስተር ይሄ አይሆንም ነበር፣ ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

እኔ የምሰራው ባንክ ነው፣ መስኮት ላይ፣ የግል መስሪያ ቤት ስለሆነ የሚመለከተን የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፣ እሱ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል፣ አባት 3 ቀን። ጤና ጣቢያ ለክትባት በሄድኩ ቁጥር ደግሞ "6 ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም እንዳትሰጪ" ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው እሱን ነው። ግን 90 ቀን ሶስት ወር ነው፣ የቀረውን ሶስት ወር ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ተኩል የምትገባ ሴት እንዴት አድርጋ ትወጣዋለች የሚለውን ቁጭ ብሎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ዘመድ ጎረቤቱ በሙሉ "ካሁኑ ጡጦ አስለምጃት፣ የቆርቆሮ ወተት ግዢ" ነው የሚለው፣ እኔም ማታ ማታ ልጄን እያጠባሁ ዝም ብዬ አለቅስ ነበር።

ሲስተርን የሰጠችኝ አብራኝ የምትሰራ ልጅ ናት። ቤት ሲመጡ ጡቴንም ልጄንም ከማየታቸው በፊት ወረቀት አውጥተው ስለ ውሎዬ ጠየቁኝ። ስንት ሰዓት ትወጫለሽ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብዙ ትቆሚያለሽ ወይ፣ ምሳ ስንት ሰዓት ነው፣ መስሪያ ቤታችሁ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል አለ፣ ፍሪጅስ፣ ልጅቷን ማን ነው የሚይዛት፣ ሰፈራችሁ መብራት ይጠፋል? ሁሉንም ጻፉት። እናንተዬ፣ ስለ ጡት ማጥባት ሊያስተምረኝ የመጣ ሰው ስለ ታክሲ ሰልፍ ሲጠይቀኝ ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

ከዛ ማለብ አስተማሩኝ፣ በእጅ። ፓምፕ ያላት ትጠቀም፣ ግን ባትሪ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ እጅሽ ግን ሁሌ አብሮሽ ነው አሉኝ። እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ የተቀቀለ አፉ ሰፊ ኩባያ ተይዞ፣ ለብ ባለ ፎጣ ጡቱን ሸፈን አድርጎ ትንሽ ማሸት። አውራ ጣት ከላይ ሌሎቹ ከታች፣ ጫፉ ላይ አይደለም፣ ጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ላይ፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጨመቅ፣ ከዛ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት ቆዳ ከማቁሰል በቀር ምንም አያመጣም። መጀመሪያ ላይ ምንም አይወጣም፣ ተስፋ ቆርጬ ልተወው ስል እጄን ይዘው "ጠብቂ ልጄ፣ ይመጣል" አሉኝ፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ቀጥሎ ፊጭ እያለ ወጣ። አንዱ ሲቀንስ ወደ ሌላው፣ እንደገና መመለስ፣ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

የሚገርማችሁ ግን ብዙውን ጊዜያቸውን ያጠፉት ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከአማቴና ልጅቷን ከምትይዝልኝ ሞግዚት ጋር ነው። ጡጦ ባትጀምሩ ይሻላል፣ ለማጽዳት ከባድ ነው፣ አንዳንድ ልጅ ደግሞ ከለመደው ጡት ያስቸግራል ብለው የቡና ሲኒ አምጡ አሉ። በሲኒ! ልጅቷን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ፣ ሲኒውን ታችኛው ከንፈሯ ላይ አስደግፎ ወተቱ ከንፈሯን እስኪነካ ብቻ ዘንበል ማድረግ፣ ራሷ በምላሷ ትወስደዋለች፣ አፏ ውስጥ ማፍሰስ ግን ክልክል። ሞግዚቷ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሞከረች፣ ልጄ ምላሷን አውጥታ እንደ ድመት ላሰችው፣ ሁላችንም እልል አልን። ሲኒው ሳይቀቀል ሁለተኛ እንዳይነካ አስጠነቀቁ።

የወተቱን አያያዝም በአማርኛ ጽፈው ፍሪጁ በር ላይ ለጠፉልን። ከፍሪጅ ውጪ ቤቱ ካልሞቀ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ፣ እያንዳንዱ እቃ ላይ የታለበበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ፣ ቀድሞ የታለበው ቀድሞ ይወጣል። ለማሞቅ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ እሳት ላይ ወይ ማይክሮዌቭ በፍጹም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት።

አማቴ በበኩላቸው ውጪ ፀሐይ ላይ የዋለ ጡት ልጁን ያሳምመዋል፣ ማታ ስትገባ መጀመሪያ አልባ ትድፋው ሲሉ ሰማኋቸው፣ እኔ መልስ መስጠት አልችልም፣ አማቴ ናቸው። ሲስተር ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ በእርጋታ፣ እትዬ፣ ወተት ገላ ውስጥ እያለ አይበላሽም፣ ገላዋን ለቅለቅ ትበልና ታጥባት አሏቸው። አሁን አማቴ ራሳቸው ናቸው በሩ ላይ "ነይ ነይ ልጅሽ ጠብቃሻለች" የሚሉኝ።

መስሪያ ቤትን በተመለከተ የሰጡኝ ምክር ለብቻው ክፍያቸውን ያወጣል። ስራ ከገባሽ በኋላ እያፈርሽ አትጠይቂ፣ ሳትገቢ በፊት ሄደሽ ስራ አስኪያጁን አነጋግሪ፣ ስለ ጡት ብዙ አታስረጂ፣ የምትፈልጊውን ብቻ ንገሪው አሉኝ፤ የሚቆለፍ ክፍል፣ ረፋድና ከሰዓት ሃያ ሃያ ደቂቃ። እንዳሉት አደረግኩ፣ የፋይል ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ያጉረመረመ ሰው አልጠፋም፣ ግን ተለመደ። መስሪያ ቤቱ ፍሪጅ የለውም፣ ስለዚ ማታ በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዤ በረዶውን ከወተቱ ጋር ትንሽ የምግብ ቦርሳ ውስጥ ይዤ እመለሳለሁ። (የመንግስት መስሪያ ቤት የምትሰሩ ግቢያችሁ ውስጥ የህፃናት ማቆያ ካለ እባካችሁ ተጠቀሙበት፣ ብዙ ሚኒስቴር መስሪያ ቤት አለው፣ እኛ ጋ ይሄ ህልም ነው።)

ስራ የገባሁ ሰሞን ወረፋው አላላውስ ብሎኝ የማለቢያ ሰዓቴ አለፈ፣ ጡቴ አግቶ ሸሚዜን አረጠበው፣ ማታ አንዱ ጡቴ ደንድኖ ያመኝ ጀመር። በቴሌግራም ቮይስ ላኩላቸው፣ ወዲያው ደወሉ። ማጥባቱን እንዳታቆሚ፣ ከደነደነው በኩል አስቀድሚ፣ ትኩሳት ከመጣና ከቀላ ግን ነገ ሳትይ ሀኪም ጋ ሂጂ፣ እኔን አትጠብቂ አሉኝ። ሰውን በእጃቸው ይዞ ለማቆየት የማይሞክር ባለሙያ እንዲህ ነው። ወተቱ ሲቀንስብኝም ሌሊት አብዝቼ እንዳጠባ መከሩኝ፣ ሌሊት ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ከፍ ይላል፣ እውነትም ተመለሰ።

ክፍያቸው አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ከሚገዛበት ያነሰ ነው፣ ያውም ከዛ በኋላ ስትደውሉ አያስከፍሉም። ሳሪስ፣ ጎተራ፣ ቄራና በዛ አካባቢ ይሄዳሉ፣ አያትና ጀሞ ድረስ ግን መንገዱ ይከብዳቸዋል፣ እዛ ላላችሁ በቪዲዮ ያሳያሉ። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ናቸው አትደውሉ። ስትቀጥሯቸው ልጁን የሚይዘው ሰው ቤት መኖሩን አረጋግጡ፣ ከሌለ ቀጠሮውን ያራዝሙታል። ፈቃዳችሁ ሊያልቅ ወር ሲቀረው ብትጠሯቸው ጥሩ ነው፣ ለማለቡም ለሲኒውም መለማመጃ ጊዜ ይኖራችኋል።

ስልካቸውን ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። የኔ ቀጣይ ቀጠሮ ስለ ገንፎ አጀማመር ነው፣ ጡቱ እስከ ሁለት አመት ይቀጥላል ብለውኛል። ሲስተርዬ፣ ልጅዎ ይሄን ካነበበችልዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ቅዳሜ ቡና አፍልቼ እጠብቅዎታለሁ።