ለድሬዳዋ መጋዘን የቱ ይሻላል? ባዶ ብረት፣ የተሸፈነ ብረት ወይስ ኮንክሪት

ድሬዳዋ ላይ መጋዘን ለመሥራት ዋጋ ስታጠይቁ የሚነገራችሁ ስለ ገንዘቡና ስለ ጊዜው ነው። በተለይ በጊዜው ብረት ያሸንፋል። ይበየዳል፣ ይገጠማል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ አለቀ። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ እላለሁ፦ ውስጥ ያለው ዕቃ ቢቃጠል ጣራው ስንት ደቂቃ ይቆማል?

ከባዶ ብረት፣ ማለትም ከእሳት የሚከላከል ሽፋን ከሌለው፣ እንጀምር። ብረት አይቃጠልም፤ እውነት ነው። ለመቅለጥም 1,500 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ለመውደቅ ግን መቅለጥ የለበትም። እስከ 400 ዲግሪ ጥንካሬው ብዙም አይነካም። 600 ሲደርስ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ 700 ላይ ሩብ አይሞላም። ለፍተሻ የሚጠቀሙበት መደበኛ እሳት ደግሞ በ10 ደቂቃ 680፣ በ30 ደቂቃ 840 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ባዶ ብረት የሚሰጣችሁ ጊዜ በጥቅሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ውፍረቱ ይወስናል። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ቶሎ ይግላል፤ ወፍራም ብረት ይቆያል።

ሌላም አለ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። የ10 ሜትር አግዳሚ 500 ዲግሪ ሲሞቅ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ግድግዳውንም ወደ ውጭ ይገፋል። ደጅ ቆመው ውሃ በሚረጩ ጎረቤቶች ላይ ብሎኬቱ ሊናድ ይችላል።

ኮንክሪት ሙቀት የሚያስገባው ቀስ ብሎ ነው። ውስጡ ያለው ፌሮም ብረት ነው፤ የሚያድነው ከላዩ ያለው የኮንክሪት ሽፋን ነው። ሽፋኑ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነና ኮለኑ ቀጭን ካልሆነ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል። ፌሮው ፊት ላይ ከወጣ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። እርጥብ ኮንክሪትም በእሳት ጊዜ እየፈነዳ ይላጣል። ሲሚንቶው እዚሁ ከተማችን መመረቱ ደግሞ አንድ ጥቅም ነው።

ሁለቱን በአንድ እሳት ማየት ለሚፈልግ የማድሪዱ ዊንድሶር ሕንጻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተቃጠለ። በላይኛዎቹ ፎቆች ዙሪያ የነበሩት ያልተሸፈኑ የብረት ኮለኖች ተጣጥፈው ወለሉን ይዘው ወረዱ። መሐል ያለው የኮንክሪት አካል ቆሞ ቀረ። በእድሳቱ ጊዜ ቀድመው የተሸፈኑት የታችኛዎቹ ፎቆች ብረቶችም በአብዛኛው ተርፈዋል።

ስለዚህ የተሸፈነ ብረት ከኮንክሪት ጋር ይፎካከራል። ኮለኑን በኮንክሪት መክበብ ለእኛ ቀላሉና አስተማማኙ ነው። የጂፕሰም ቦርድም ይሠራል፤ ውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ ሙቀቱን ያዘገያል። ሲሞቅ የሚያብጥ ቀለምም አለ። እሱን የምትገዙ ከሆነ ለስንት ደቂቃ እንደተፈተነና በምን ውፍረት እንደሚቀባ የሚገልጽ ሰነድ ጠይቁ። አንቲረስት ከዝገት እንጂ ከእሳት አያድንም። ይህን የሚያምታታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

የኔ ምርጫ በዕቃው ይለያያል። ሲሚንቶ ወይም ፌሮ ለምታስቀምጡ ባዶ ብረት ይበቃል። ስፖንጅ ፍራሽ፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ግን የኮንክሪት ኮለን፣ የብሎኬት ግድግዳና የብረት ጣራ አድርጉ። ጣራው ቢወድቅ እንኳ ግድግዳው ከጎረቤት ይለያችኋል። በድሬዳዋ ሙቀት ፎም ያለው ሳንድዊች ፓነል እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ፎሙ ራሱ ይቃጠላል። መሐሉ ሮክ ውል የሆነውን፣ ከድንጋይ የሚሠራውን፣ ፈልጉ።

ቆጥ ላይ ግን ምንም ድርድር የለኝም። ከዕቃው በላይ በባዶ ቱቦላሬ ቆጥ ሠርቶ ዘበኛ ወይም ሠራተኛ ማስተኛት አይገባም። መኝታው ምድር ላይ፣ ከዕቃው በግድግዳ ተለይቶ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የራሱ በር ይኑረው።