የጋራውን ማውጣት ወይስ በፊደል መተካት?

አርቢው ላይ (በ2^ሀ ውስጥ ሀ ያለበት ቦታ) ፊደል ያለበት ክፍልፋይ ለማቃለል ሲመጣ ሁለት መንገድ አለ። የጋራ አብዚውን፣ ማለትም ሁሉም ተደማሪዎች ውስጥ በማባዛት ያለውን፣ ማውጣት፣ ወይም 2^ሀን «መ» ብሎ መተካት።

ይቺን እንይ፦
(2^(ሀ+3) − 2^ሀ) ÷ (2^(ሀ+1) + 5×2^ሀ)

ማውጣት፦ 2^(ሀ+3) ማለት 8×2^ሀ ነው። ከላይ 2^ሀ(8−1)፣ ከታች 2^ሀ(2+5)። 2^ሀ ይሰረዛል፤ 7 ለ 7፣ መልሱ 1። ሁለት መስመር፣ አለቀ።

መተካት፦ ከላይ 8መ−መ፣ ከታች 2መ+5መ። ያው 1። እዚህ ትርፉ ብዙም አይታየኝም።

ይቺ ስትመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦
(4^ሀ − 5×2^ሀ + 6) ÷ (2^ሀ − 2)

ላዕሉ ላይ ለሦስቱም የሚሆን የጋራ አብዚ የለም። 4^ሀ ግን የ2^ሀ ካሬ ነው። ስለዚህ መ²−5መ+6፣ ማለትም (መ−2)(መ−3)። ከታች ያለው መ−2 ነው፤ ሲሰረዝ 2^ሀ−3 ይቀራል፣ ሀ 1 እስካልሆነ ድረስ። ሀ 1 ከሆነ ታህቱ ዜሮ ነው።

ስህተቱስ? በማውጣት፣ አብዚ ሳይወጣ በመደመር የተያያዘውን መሰረዝ። ፈተና ላይ ነጥብ የሚበላው ይሄ ነው። በመተካት፣ 2^(ሀ+3)ን «መ+3» ማለት፤ መጨረሻ ላይም «መ»ን ወደ 2^ሀ መመለስ መርሳት።

አርቢዎቹ በመደመር ብቻ ከተለያዩ አውጣ። አንዱ የሌላው ካሬ ከሆነ፣ 9^ሀ ከ3^ሀ ጋር እንደሚመጣው፣ ተካ።