ስታዲየም አካባቢ ላለው የኤምአርአይ ባለሙያ፣ እግዜር ይስጥልኝ

እህቴ መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለባት ካወቅን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን የነርቭ ሽፋን፣ ማይሊን የሚሉትን፣ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። በየጊዜው ኤምአርአይ፣ ጠባብ ማሽን ውስጥ ተኝተው በመግነጢስ የሚነሱትን ምስል፣ መነሳት አለባት። ጠባብ ቦታ ደግሞ ነፍሷን ያስጨንቃታል። መጀመሪያ የሄድንበት ሌላ ቦታ «እንዳትንቀሳቀሺ» ብቻ ብለው አስገቧት። ሳያልቅ እያለቀሰች ወጣች።

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ወዳለ የምርመራ ማዕከል ሄድን። ባለሙያው ወጣት ነው። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እሱ ግን አልቸኮለም። «እህቴ፣ ከጨነቀሽ ይቺን ጨምቂ፣ ወዲያው አወጣሻለሁ» ብሎ የጥሪ ኳሷን አስጨበጣት። ማሽኑ የሚያንኳኳው ውስጡ ያሉት ጥቅል ሽቦዎች ኤሌክትሪክ ሲቀያየርባቸው ስለሚንቀጠቀጡ መሆኑን ነገራት። በየመሃሉም «ጎበዝ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላታል። እስከ መጨረሻው ተኛችለት!

ስትወጣ አንድ ነገር ጠየቀችው። «ሕመሙ አንጎልሽ ላይ የተወው ጠባሳ አልጨመረም እየተባልኩ ለምንድነው እንዲህ የሚደክመኝ?» መልሱን የነርቭ ሐኪሟ እንደሚሰጣት አስቀድሞ ነገራት። ከዚያ ግን ተመራማሪዎች ምን እንደሚያዩ አስረዳን።

የተለመደው ኤምአርአይ ምስሉን የሚሠራው በዋናነት ከውሃ ሃይድሮጅን ነው። ስፔክትሮስኮፒ የሚባለው ግን በዚያው መግነጢስ የአንጎልን ኬሚካሎች ይለካል። ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ያወጣል፣ ጉብታዎቹም የየኬሚካሉ ምልክት ናቸው። አንዱ ኤን-አሲታይል አስፓርቴት ነው፤ በብዛት የሚገኘው በነርቭ ሴሎች ውስጥ ነው። በዚህ ሕመም መጠኑ ይቀንሳል፣ በተለመደው ምስል ጤነኛ በሚመስለው ክፍል ጭምር። አንዳንዴ ደግሞ መልሶ ከፍ ይላል። እኔን ያጽናናኝ ይሄ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ መልእክት ለማድረስ ከዚያም በላይ ይለፋል። የድካሙ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አላለም። የሚጠና ነገር መሆኑን ነው የነገረን።

እህቴ ዝም ብላ ሰማችውና «ስለዚህ ሰነፍ አይደለሁም» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ እንደኖረች አላውቅም ነበር።

ስሙን ሳላስፈቅደው እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠባብ ቦታ የምትፈሩ ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ንገሩት። በሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ካለም እንዲሁ። እህቴ የሚቀጥለውን ቀጠሮዋን እሱ በሚገባበት ቀን አስይዛለች።