ሜካኒካል ሹተር ወይስ ኤሌክትሮኒክ? የቅርጫት ኳስ በአዳራሽ መብራት

ሹተር የካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ የሚወስነው ነው፤ ሜካኒካሉ በሚንቀሳቀስ መጋረጃ፣ ኤሌክትሮኒኩ ያለ መጋረጃ። ኤሌክትሮኒክ ሹተር ድምፅ የለውም፤ በብዙ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት በሌላቸው) ካሜራዎች በሰከንድ 20 ፎቶና ከዚያም በላይ ያነሳል። አዳራሽ ውስጥ ግን ጉድ የሚሠራው እሱ ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ሴንሰሩ ደግሞ ምስሉን የሚያነበው መስመር በመስመር ስለሆነ፣ በ1/1000 ሰከንድ ሲነሳ ፎቶው ላይ ጠቆር ያሉ ሰንበሮች ይጋደማሉ፤ የተወረወረች ኳስም እንቁላል ትመስላለች። ወደ 1/100 ቢወርዱ ሰንበሩ ይጠፋል፤ ተጫዋቹም ተደበላልቆ አብሮ ይጠፋል።

የሜካኒካሉ መጋረጃ ፍሬሙን በጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚያቋርጥ ኳሷ ክብ እንደሆነች ትቀራለች። ሆኖም አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለም ብሎ ቀለሙ የተለወጠ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ሜኑ ውስጥ ያለው የፍሊከር (የመብራቱ ደመቅ ፈዘዝ ማለት) መከላከያ ነው፦ ካሜራው መብራቱ እስኪደምቅ ጠብቆ ያነሳል። የተከታታይ ፎቶው ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ! ለመነሻ ማንዋል (ሁሉን በእጅ መወሰን)፣ 1/800 ሰከንድ፣ ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400፤ ዋይት ባላንሱም (የቀለም ማስተካከያው) ከአውቶ ይውጣ።

ሶኒ ኤ9 3 የተባለው ካሜራ ፍሬሙን በሙሉ ባንዴ ስለሚያነብ ኳስ አያጣምም። በፎቶና በፎቶ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ግን እሱንም አይምረውም።