«ፕሮስቴት ያለ ኦፕራሲዮን በ21 ቀን» የሚለውን ጠርሙስ ለአባታችሁ እንዳትገዙ

በቀጥታ ልግባ። ፕሮስቴት ከወንዶች የሽንት ፊኛ በታች ያለ፣ ዕድሜ ሲገፋ እያደገ ሽንት የሚያስቸግር እጢ ነው። ይህን ያለ ኦፕራሲዮን በ21 ቀን እናሟሟለን እያሉ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡትን ሰዎች አትመኑ። እኛ አምነን 18,000 ብር ከፍለናል። ብሩ ይቅር። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ አባዬ ያሳለፈው ሌሊት ነው።

አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሳል፣ ሽንቱ ይቀጥንበታል፣ ይቆራረጣል፣ ከጨረሰ በኋላም የቀረ ይመስለዋል። ሐኪም ቤት ሄዶ በአልትራሳውንድ ታየ፣ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራም ተሠራለት፣ ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር አልተገኘም። ታምሱሎሲን የሚባል ኪኒን ማታ ማታ አንድ እንዲውጥ ታዘዘለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለል ብሎት ነበር። ግን አንድ የዕድር ጓደኛው «የዚህ ነገር መጨረሻው ቢላዋ ነው» አለውና ፍርሃት ገባው። ቤሩት ያለችው እህቴ ማስታወቂያውን ያየችው ያኔ ነው። ሻጮቹም የሚፈልጉት እንደሷ ያለውን ነው፤ ውጭ ሆኖ ስለ አባቱ የሚጨነቅ፣ ብር ለመላክ የማያመነታ፣ ጠርሙሱን ግን በዓይኑ የማያይ ሰው።

ሦስት ጠርሙስ በሞተር ቤት ድረስ መጣልን። የአምራች ስም የለውም፣ የምዝገባ ቁጥር የለውም፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የለውም። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል፣ በቃ። ሻጩ ሰውየ በስልክ «አባቴ፣ ያንን ኪኒን ይተዉት፣ ከእኛው ጋር አይስማማም» አለው። አባዬም ተወው። ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሽንቱ እየጠበበ መጣ። ደወልን። «መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ መጠኑን ይጨምሩ» ተባልን። ጨመረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት ጭራሽ አልወጣ አለ። ከእምብርቱ በታች ተነፍቶ ጠጠረ። አባዬ ሲያቃስት እንኳን ሰምቼው አላውቅም፣ የዚያን ሌሊት ግን ግድግዳ ይዞ ሲያለቅስ አየሁት። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ በቱቦ ከአንድ ሊትር በላይ ወጣለት። ሐኪሟ እንደነገረችን፣ ፊኛ እንዲህ ተወጥሮ ሲቆይ ግፊቱ ወደ ኋላ ኩላሊት ድረስ ደርሶ ሊጎዳው ይችላል።

ታዲያ ያለ ኦፕራሲዮን መታከም ውሸት ነው? አይደለም፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። አባዬ የተወው ኪኒን ራሱ እኮ ያለ ኦፕራሲዮን ሕክምና ነበር! ታምሱሎሲን የፕሮስቴቱንና የፊኛውን አንገት ጡንቻ ያላላል፣ ስለዚህ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሽንት ይቀላል፤ እጢውን ግን አያሳንስም። የሚያሳንሰው እንደ ፊናስቴራይድ ያለው ነው፤ እሱም ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል፣ ቢቀንስም ሩብ ያህሉን ነው። ለዓመታት የተፈተነ መድኃኒት ይህን ያህል ጊዜ ከወሰደ፣ ስም የሌለው ጠርሙስ በ21 ቀን እንዴት ያጠፋዋል?

ሰውየው ደጋግሞ የሚያነሳው የጥቁር እንጨትን ቅርፊት ነበር። ዛፉ የእኛው ደጋ ዛፍ ነው፣ ከቅርፊቱ የሚዘጋጅ መድኃኒት አውሮፓ ውስጥ ለዚሁ ችግር መሸጡም እውነት ነው። በትንንሽና በአጫጭር ጥናቶች ምልክቱን በመጠኑ ሲያስታግስ ታይቷል። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እሱ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ሳው ፓልሜቶ የሚባለውም ሌላ ዕፅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2011 አሜሪካ ውስጥ የወጡ ሁለት ጥናቶች ላይ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ኪኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ከዚህ የባሰም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለወንዶች «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ብዙ ምርቶች ውስጥ ሳይነገር የተጨመረ ሲልደናፊል (ቪያግራ ውስጥ ያለው መድኃኒት) አግኝቷል። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሽማግሌ ይህን ቢደርብበት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ብራችንን ስንጠይቅ «በትክክል አልወሰዱትም» አለንና ብሎክ አደረገን። ገጹ ስሙን ቀይሮ አሁንም ይሸጣል።

የአባታችሁን የምርመራ ውጤት ሳያይ መድኃኒት የሚልክ ሰው ምንም ቢላችሁ አትክፈሉት። የሐኪም ኪኒን አቁሙ ካለማ ስልኩን ዝጉት። ሽንት ከነጭራሹ ካቆመ፣ ደም ካለው ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ። አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖችም ሽንት ሊዘጉ ስለሚችሉ ፋርማሲ ስትሄዱ «አባቴ ፕሮስቴት አለበት» ብላችሁ ተናገሩ።

አባዬ ቱቦው በአምስተኛው ቀን ወጥቶለታል። ታምሱሎሲኑን ቀጥሏል፣ ፊናስቴራይድ ይጨመርለት እንደሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይወሰናል። ስለ ቢላዋውም ሐኪሟን ራሱ ጠየቃት። ካስፈለገ እንኳን እንደ እጢው መጠን በሽንት ቧንቧ በኩል፣ ሆድ ሳይከፈት የሚሠራበት መንገድ እንዳለ ስትነግረው ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ይህንን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ብንጠይቅ ኖሮ ጠርሙሱን አንገዛም ነበር።

የተረፉትን ጠርሙሶች አልጣልኳቸውም። እናንተም ገዝታችሁ ከሆነ ጠርሙሱን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን ሳታጠፉ አስቀምጡና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ላይ ደውላችሁ አሳውቁ።